ተሳፋሪ የመጠበቂያ ሰዓት በማን ደብተር ይቆጠራል? ገለልተኛ ጥናትና የነዋሪ ድምፅ በስቴት ሕግ ላይ

ከሬይኒየር ቫሊ (ክሩን የከፈተ)

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ በመጪው ጥር የዋሽንግተን ስቴት ሕግ አውጪ ምክር ቤት በስቴቱ ዋና ከተማ ኦሊምፒያ ላይ ሲሰበሰብ፣ በሲያትል ሰፈራችን የሚኖሩ የኡበርና የሊፍት (በስልክ ተሳፋሪ የሚያገናኙ ኩባንያዎች) ሹፌሮች እንዲሁም በቤታቸው ሕፃናት የሚንከባከቡ እናቶች በኮሚቴ ፊት ቀርበው ምስክርነት እንዲሰጡ የማዘጋጀቱ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወድቋል። ወደ ዝግጅቱ ከመግባቴ በፊት ለረጅም ጊዜ ሲያሳስበኝ የቆየ አንድ ጥያቄ አለ። ከፓርቲ ነፃ የሆነ ጥናት በአንድ ስቴት ሕግ ላይ በእውነት ምን ያህል ይሠራል? የእኛ የነዋሪዎች ድርሻስ የሚጀምረው ጥናቱ ካለቀ በኋላ ነው ወይስ ገና ሲጠነሰስ?

ጥያቄውን ያሳደረብኝ ብዙዎቻችን በቅርብ የምናውቀው የ2020 ጉዳይ ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ ወር ስለ ሲያትል ሹፌሮች ገቢ ሁለት ጥናቶች ወጡ። አንዱን ያሠራው ከተማው ሲሆን፣ አዘጋጆቹ የኒው ስኩል ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ፓሮትና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊው ማይክል ራይክ ነበሩ፤ ሹፌሩ ወጪው ተቀንሶ በሰዓት የሚቀረው 9.73 ዶላር ነው አሉ። ሌላውን የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሁለቱ ኩባንያዎች ባገኙት መረጃ ሠርተው፣ መካከለኛው ሹፌር (ግማሹ ከእሱ በላይ፣ ግማሹ ከእሱ በታች የሚያገኝ) ከወጪ በኋላ በሰዓት 23.25 ዶላር ያገኛል አሉ። በጊዜው በሲያትል የትልልቅ ቀጣሪዎች ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 16.39 ዶላር ነበርና፣ አንዱን ጥናት ያነበበ የምክር ቤት አባል ሹፌሩ እየተበደለ ነው ሲል፣ ሌላውን ያነበበ ደግሞ ሹፌሩ ደህና ይኖራል ብሎ ፋይሉን ሊዘጋ ይችል ነበር።

ሁለቱም ወገኖች በሙያቸው የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ቁጥር ፈጠሩ የሚል ክስ ከእኔ አይወጣም። ዋናው ልዩነት የመጣው ቀላል ከሚመስሉ ሁለት ጥያቄዎች ነው፤ ተሳፋሪ ሲጠበቅ የሚያልፈው ጊዜ ምን ያህሉ ሥራ ተብሎ ይቆጠራል፤ ለመኪናው ከሚወጣው ገንዘብስ ምን ያህሉ የሥራ ወጪ ነው? እኔን የሚያስጨንቀኝ፣ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ከሹፌሩ በላይ ሊመልስ የሚችል ሰው ሳይኖር፣ ክርክሩ በአመዛኙ በተማሩ ሰዎች መካከል መካሄዱ ነው።

የከተማው ምክር ቤት በመስከረም 2020 ለሹፌሮች ዝቅተኛውን ክፍያ ደነገገ። ቀጥሎም በመጋቢት 2022 የዚያን ጊዜው የስቴቱ ገዥ ጄይ ኢንስሊ ለመላው ዋሽንግተን የሚሠራውን ሕግ ፈረሙ። ከሲያትል ውጪ በሕጉ ላይ የሰፈረው መነሻ በማይል 1.17 ዶላር፣ በደቂቃ ደግሞ 34 ሳንቲም ሲሆን በየዓመቱ ይስተካከላል። የሕመም ፈቃድና የሥራ ላይ ጉዳት ዋስትናም አብረው መጡ። ነገር ግን ልብ በሉ፣ ሕጉ በቀጥታ የሚቆጥረው ተሳፋሪው መኪናው ውስጥ ያለበትን ደቂቃና ማይል ነው። በሌላ ስቴት ያላችሁም ተመሳሳይ ልምድ ካላችሁ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

---

ባለ ደብተሩ (ቱክዊላ)

ወንድሜ፣ ስለ ጥበቃው ያነሣኸው ነጥብ ልቤን ነክቶታል። እኔ ከዘጠኝ ዓመት በላይ በዚህ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ሹፌሮች ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ ላይ ስልኬ «ከፊትህ 87 መኪና አለ» ብሎኝ ያውቃል። በቴርሞስ ያመጣሁትን ሻይ ጠጥቼ፣ ከጎኔ ካሉት የሀገሬ ልጆችና ከሶማሌ ወንድሞቼ ጋር ተጨዋውቼ፣ ስልኬን ሳየው ገና 60 መኪና ይቀረኛል። ተራዬ ደርሶ የማነሣው ሰው አንዳንዴ እዚያው ሲታክ ከተማ ውስጥ ካለ ሆቴል ላይ ይወርዳል። ወረቀቱ ላይ የሚመዘገበው የዚያ የስምንት ደቂቃ ጉዞ ብቻ ነው።

ይህ ሲበዛብኝ የተማሪ ደብተር ገዝቼ ለሁለት ሳምንት ሁሉንም ጻፍኩ። ከቤት የወጣሁበትን ሰዓት፣ የጠበቅሁበትን ጊዜ፣ ተሳፋሪ የያዝሁበትን ጊዜ፣ ቤንዚንና የመኪና እጥበት የከፈልኩትን ሁሉ መዘገብኩ። ሥራ ላይ ከዋልኩበት ጊዜ ግማሽ ያህሉ ያለ ተሳፋሪ ያለፈ ሆኖ ሳገኘው ለራሴም ደነገጥኩ፤ እስከዚያ ድረስ በግምት እናገር የነበረው ከዚህ ያነሰ ነበርና። የእኔ ደብተር የአንድ ሰው ደብተር ነው፤ የሁሉንም ሹፌር ሁኔታ ያሳያል ብዬ አልከራከርም። ሆኖም ጥናት የሚሠራ ሰው ቢመጣ፣ መጀመሪያ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያሳየዋል ብዬ አምናለሁ።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር ደግሞ አለ። ጓደኞቼን እንደዚህ ጻፉ ስላቸው፣ «ገቢዬን ለምን አሳያለሁ፣ ነገ ግብር ሆኖ ቢመጣብኝስ» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ይሁንና አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ይመስለኛል።

---

የኦሊምፒያ ተማሪ

በሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፤ በጥያቄው የመጀመሪያ ክፍል ላይ የማውቀውን ላካፍል። በዋሽንግተን ገለልተኛ ጥናት በሕግ ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ለማየት ጥሩው ምሳሌ የዋሽንግተን ስቴት የሕዝብ ፖሊሲ ተቋም ነው። ተቋሙን በ1983 ያቋቋመው ራሱ ሕግ አውጪው ሲሆን፣ የሚመራው ከሁለቱም ፓርቲ የምክር ቤት አባላት፣ ከገዥው ወገንና ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በተውጣጣ ቦርድ ነው። አንዱ ፓርቲ ብቻውን ሊያዝዘው ስለማይችል ውጤቱን ሁለቱም ወገኖች ይዘውት ይከራከራሉ።

በጣም የሚታወቀው ሥራው የ2006ቱ ነው። በዚያን ጊዜ የእስረኛው ቁጥር ትንበያ እስከ 2020 ሁለት አዲስ ትልልቅ እስር ቤቶች፣ እስከ 2030 ደግሞ ምናልባት ሦስተኛ እንደሚያስፈልጉ ያሳይ ነበር። የአንዱ ማሠሪያ ብቻ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ይገመት ነበር። ተቋሙ በእንግሊዝኛ የተጻፉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥናቶችን አሰባስቦ፣ የትኛው ፕሮግራም ወንጀልን በእውነት እንደሚቀንስና ለወጣበት እያንዳንዱ ዶላር ምን ያህል እንደሚመልስ አሰላ። በ2007 ሕግ አውጪው 48 ሚሊዮን ዶላር ውጤታቸው ለተረጋገጡ ፕሮግራሞች መደበ፣ የትንበያውም ቁጥር ዝቅ ተደረገ።

ከዚያ ሥራ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ። ታዳጊዎችን ወደ እስር ቤት ወስዶ እስረኞቹ እንዲጮኹባቸውና እንዲያስፈራሯቸው የሚያደርግ ፕሮግራም በአሜሪካ በጣም ተወዳጅ ነበር፤ ከእኛ ወላጆችም ብዙዎቹ «ልጄን አንድ ቀን ቢያስፈራሩልኝ» ብለው የሚመኙት ዓይነት ነው። ስሌቱ ያሳየው ግን ፕሮግራሙ ልጆቹን ከወንጀል ከማራቅ ይልቅ ወንጀልን እንደሚያባብስ ነው። ወላጅ በፍቅር የሚመኘው ነገር ልጁን ሊጎዳ እንደሚችል ያለ እንዲህ ያለ ጥናት ማን ያውቅ ነበር?

አሁን ለጥያቄህ ዋናው ነጥብ ይህ ነው። ተቋሙ የሚያጠናውን በራሱ ፈቃድ ብቻ አይመርጥም፤ አብዛኛው ጥናት የሚታዘዘው በሕግ ወይም በበጀት ሰነድ ውስጥ በሚገባ አንድ አንቀጽ ነው። በ2012 ሕዝብ በድምፁ ያጸደቀው የካናቢስ (ማሪዋና) ሕግ እንኳ ተቋሙ በየጊዜው ውጤቱን እንዲገመግም በውስጡ አስገድዷል። ስለዚህ ነዋሪ ከወረዳው ተወካይ ጋር ተቀምጦ «ይህ ይጠና፣ ሲጠናም ይህ ይቆጠር» ማለት ይችላል። ከእኛ ማኅበረሰብ ይህን ያደረገ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ቢኖር በጣም ደስ ይለኛል።

---

ታዛቢ ከኬንት

ሁላችሁንም በአክብሮት እየሰማሁ በአንድ ነገር አልስማማም። ጥናት ጥናት ስንል የጉልበት ሚዛኑን እንዳንረሳ እፈራለሁ። ኩባንያ ለጥናቱ መረጃ የሚሰጠው ሲፈልግ ነው፣ ሳይፈልግ ይከለክላል። እኔ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ረቂቅ ሕግ ልመሰክር ሥራ ትቼ ሄጄ ነበር። ሦስት ሰዓት ያህል ጠብቄ ስሜ ሲጠራ ለእያንዳንዱ ሰው የተሰጠው አንድ ደቂቃ ሆነ። በልቤ ያዘጋጀሁትን በእንግሊዝኛ አሳጥሬ ለመናገር ስሞክር ደቂቃው አለቀ፤ ገና ከየት እንደመጣሁና ስንት ልጅ እንዳለኝ ነበር የተናገርኩት። ከእኔ በኋላ የተናገረው የኩባንያዎች ጠበቃ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አራት ቁጥር ጠቀሰ። ማን የተደመጠ ይመስላችኋል? ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ሰዎቻችንን ለዚያ አንድ ደቂቃ ሳናዘጋጅ እንዳንልካቸው ብዬ ነው።

---

የኦሊምፒያ ተማሪ

ለታዛቢ፦ ያጋጠመዎት ነገር በእውነት ያሳዝናል፣ የብዙ ሰውም ገጠመኝ ነው። ነገር ግን ያቺ ደቂቃ ብቻዋን አይደለችም። ለኮሚቴዎቹ የሚሠሩት ከፓርቲ ነፃ የሆኑ ባለሙያዎች ኮሚቴው ለሚያሳልፈው ረቂቅ ሪፖርት ያዘጋጃሉ። በዚያ ሪፖርት ውስጥ የደጋፊና የተቃዋሚ ሐሳብ ተጠቃልሎ ይሰፍራል፣ የመሰከሩት ሰዎች ስምም ይዘረዘራል፤ ሊመሰክሩ ተመዝግበው ተራ ያልደረሳቸው ሳይቀሩ ይጻፋሉ። ረቂቁ ከሕግ አውጪው ሁለት ምክር ቤቶች ካንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ይህ ወረቀት አብሮት ይሄዳል፣ አባላቱም ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት ሊያነቡት ይችላሉ። ከዚህም ሌላ ሥራ ትቶ ኦሊምፒያ መሄድ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል፤ ከቤት ሆኖ በቪዲዮ መመስከር ይቻላል። ወይም ስብሰባው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት በፊት ድረስ በድረ ገጹ ላይ ድጋፍን ወይም ተቃውሞን ማስመዝገብ፣ ሐሳብን በጽሑፍ ደግሞ ስብሰባው ከጀመረበት ሰዓት አንሥቶ እስከ 24 ሰዓት ድረስ መላክ ይፈቀዳል። በጽሑፍ ሲሆን የሚያፈጥን ሰዓት ቆጣሪ የለም፤ ልጅ ወይም ጎረቤት እንግሊዝኛውን ሊያቃናልን ይችላል።

---

ተንከባካቢ ከሬንተን

እኔ ይህን ውይይት የከፈተው ወንድማችን ከጠቀሳቸው እናቶች አንዷ ነኝ፤ በቤቴ ስድስት ሕፃናት እንከባከባለሁ። ስለ ጥናት ስታወሩ የራሴ ስሕተት ትዝ አለኝና ልናገረው።

ስቴቱ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የሚከፍለው የእንክብካቤ ድጎማ የሚተመነው በገበያ ዋጋ ጥናት ላይ ተመሥርቶ ነው፤ በ2021 የወጣው የሕፃናት እንክብካቤ ሕግም ክፍያውን ከዚሁ ጥናት 85ኛ ፐርሰንታይል ጋር አያይዞታል። ይህ ማለት በየአካባቢው ተንከባካቢዎች የሚያስከፍሉት ዋጋ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ተደርድሮ፣ ከመቶው 85ቱ የሚያስከፍሉትን ያህል ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ዋጋ ይወሰዳል። መጠይቁ ወደ ቤቴ ሲመጣ እኔ ሳልሞላ ጣልኩት። እንግሊዝኛው ከበደኝ፣ ልጆቹ ያለቅሱ ነበር፣ ወረቀቱም ከግብር መሥሪያ ቤት የመጣ መሰለኝ። ጓደኞቼን ብጠይቅ ብዙዎቹ እንደኔ አድርገዋል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ጥናቱ የሚጠይቀው የምታስከፍዪው ስንት ነው ብሎ ነው። እኔ የማስከፍለው ግን የሰፈሬ እናት መክፈል የምትችለውን ነው፤ በሆቴል ወይም በነርሲንግ ሆም የምትሠራ እናት ከዚያ በላይ ከየት ታመጣለች? ልጆቹን በሚገባ ለመያዝ የሚያስፈልገኝ ከዚያ በላይ ነው፤ ቀሪውን ከእንቅልፌና ከራሴ ቤተሰብ ላይ እየቀነስኩ ነው የምሞላው። እናም ቁጥሩ እውነት ሆኖ ሳለ የእኔን ሁኔታ አያሳይም። ስለዚህ ወንድማችን፣ ኦሊምፒያ ስትወስደን ማለት የምፈልገው የከፈሉኝን ብቻ ሳይሆን ያስፈለገኝንም ቁጠሩልኝ ነው።

---

ከፖርትላንድ

ከኦሪገን አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ጋ በ2009 በሕግ ተሞክሮ በ2011 ቋሚ የተደረገ የዜጎች ግምገማ የሚባል አሠራር ነበር። ሕዝብ ድምፅ ሊሰጥበት የተዘጋጀ ሐሳብ ሲኖር፣ የስቴቱን ነዋሪ በእድሜ፣ በፓርቲና በመኖሪያ ቦታ እንዲወክሉ በዕጣ የተመረጡ ሃያ ያህል ሰዎች ለቀናት ተቀምጠው ደጋፊውንም ተቃዋሚውንም፣ ባለሙያውንም ይጠይቁ ነበር። ከዚያም የደረሱበትን በአንድ ገጽ ጽፈው በየቤቱ በሚላከው የመራጮች መጽሔት ላይ ያሳትሙ ነበር።

በ2010 የመጀመሪያው ጊዜ ቡድኑ 24 ሰው ነበር። አንደኛው ጉዳይ ለአንዳንድ ወንጀሎች የእስር ዘመንን የሚያራዝመው 73ኛው ሐሳብ ነበር፤ ከ24ቱ 21ዱ ተቃወሙት። በኅዳር ግን ሕዝቡ አጸደቀው። ይህን የምነግራችሁ አሠራሩ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። ገጹን ያነበበ ሰው ጉዳዩን የተሻለ አውቆ ድምፅ እንደሚሰጥ እኔ በራሴ ቤት አይቻለሁ፤ ከባለቤቴ ጋር በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ መጽሔቱን ዘርግተን ስንከራከር ሁለታችንም በመጀመሪያ ካሰብነው ፈቀቅ ብለናል። ችግሩ መጽሔቱን ከፍቶ እዚያ ገጽ የሚደርስ ሰው ማነሱ ነበር። እንዲህ ያለውን ገጽ ወደ አማርኛ መልሶ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ ማደል በእኛ እጅ ያለ ሥራ ነው፤ እስካሁን አለማድረጋችን ይቆጨኛል።

---

የሴንት ፖል ነዋሪ (ሚኒሶታ)

በዚህ በሚኒሶታ ነዋሪው ራሱ ተመራማሪ የሚሆንበት ልማድ አለ። ሲትዝንስ ሊግ የሚባለው ማኅበር በ1952 የተመሠረተ ሲሆን፣ በዋነኝነት የሚታወቀው ተራ አባላት ለወራት እየተሰበሰቡ አንድ ጉዳይ አጥንተው ሪፖርት በሚያወጡባቸው ኮሚቴዎች ነው። ከእነዚያ የአንዱ ሐሳብ በ1971 ሕግ ሆኗል፤ በሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ዙሪያ ባሉት ሰባት ካውንቲዎች ከንግድና ከኢንዱስትሪ ንብረት ግብር መሠረት ከሚገኘው እድገት 40 በመቶው ወደ አንድ ቋት ገብቶ ለሁሉም ከተሞች ይከፋፈላል። ትልቅ የገበያ ማዕከል የተሠራበት ከተማ ብቻውን እንዳይበለጽግ ማለት ነው። በ1988 ያወጡት የትምህርት ሪፖርት ደግሞ በ1991 በአሜሪካ የመጀመሪያ ለሆነው የቻርተር ትምህርት ቤት (በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ፣ ግን በራሱ የሚተዳደር) ሕግ መንገድ ከፍቷል።

ስለ ቻርተር ትምህርት ቤቶች ዛሬም ሰዎች ይከራከራሉ፤ ከሀገራችን ልጆችም የሚወዱትና የማይወዱት አሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን የአሠራሩ ትዕግሥት ነው። በኮሚቴው ውስጥ አቋም ከመያዝ በፊት በመጀመሪያ «የምናውቀው ምንድን ነው» ተብሎ ለሳምንታት ባለሙያ ይጠየቃል። በእኛ ስብሰባዎች ውሳኔው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ንግግር ጋር አብሮ ይመጣል። ይህንን ብንለምድ ብዬ እመኛለሁ።

---

ከሬይኒየር ቫሊ (ክሩን የከፈተ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእኅታችን የሬንተን ተንከባካቢ ቃል በተለይ ጥያቄዬን መልሶልኛል፤ የእኛ ድርሻ ጥናቱ ካለቀ በኋላ ማጨብጨብ ወይም መቃወም ብቻ እንዳልሆነ፣ ምን እንደሚቆጠር ሲወሰን እዚያ መገኘት እንዳለብን አሁን ጥርት ብሎ ታይቶኛል። ታዛቢ ከኬንት፣ የእርስዎንም ማስጠንቀቂያ በጽሞና ይዣለሁ፤ እባክዎ ሰዎቹን ለአንዷ ደቂቃ በማለማመዱ ያግዙን። ደቂቃዋ የምትጀምረው በስምና በልጆች ብዛት ሳይሆን በቁጥሩ እንዲሆን እናድርግ።

ለባለ ደብተሩ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ደብተርህን ለሌሎች ሹፌሮች እንደ ናሙና ልንጠቀምበት ትፈቅድልናለህ? ስም፣ ሰሌዳና የባንክ ነገር ሳይገባበት ማለቴ ነው።

---

ባለ ደብተሩ (ቱክዊላ)

በደስታ። አራት ዓምድ አስምሬበታለሁ፤ ጥበቃ፣ ወደ ተሳፋሪ የተነዳ፣ ከተሳፋሪ ጋር የተነዳ፣ እና ወጪ። የኦሊምፒያውን ወንድም ካነበብኩ በኋላ አምስተኛ ልጨምርበት አስቤያለሁ፤ ተሳፋሪ ካወረድኩ በኋላ ባዶ የተመለስኩበትን ማይል። ኤቨረት ሰው አድርሼ እስከ ሲታክ ባዶ የምመለስበት ሌሊት ብዙ ነውና። ፎቶ ኮፒ የሚያደርግልን ሰው ካለ ሠላሳ ደብተር ለመግዛት እኔ እችላለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማኅበሩ አዳራሽ እመጣለሁ፤ የቤንዚንና የጋራዥ ደረሰኝ ያላችሁ ሳትጥሉ ይዛችሁ ኑ።

---

ተንከባካቢ ከሬንተን

እኔም ጓደኞቼን ይዤ እመጣለሁ። የሚቀጥለው መጠይቅ ሲደርስ አብረን ቁጭ ብለን እንሞላዋለን፤ ልጆቹን የሚይዝልን ሰው ብቻ ፈልጉልን።